የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲከብድና ሲቀነስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ድካምና ድብታ እንደሚያመጡ የሚክድ ባለሙያ የለም። ይሁንና አብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት መጠኑን በማስተካከል፣ የሚወሰድበትን ሰዓት በመቀየር ወይም መድኃኒቱን በሌላ በመተካት ይቀላል። ሕይወት የሚያጠፋው አንድ ቀን ተነስቶ እርግፍ አድርጎ መተው ነው።

በድንገት ማቆም

አንጎል መድኃኒቱን በየቀኑ ሲያገኝ ሥራውን ከእሱ ጋር አስማምቶ ይይዛል። ድንገት ሲቋረጥበት በሽታው ከድሮው ብሶ ይመለሳል፤ ሰውዬው ሳይነቃ ደጋግሞ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም ክሎናዘፓም በዚህ ረገድ የከፉ ናቸው።

ፌኖባርቢታል በተለይ ሰውን ያታልላል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪወርድ ከ2 እስከ 5 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብታው ለቆት ቅልል ይለዋል፤ «ለካ ያለ ክኒንም ደህና ነኝ» ይላል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሲሟጠጥ ነው። አንድ ቀን ረስተው ከሆነ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለቱን ደርበው አይዋጡ።

ጠበል ሲገቡ ወይም ሲጾሙ ክኒኑን ማቋረጥ

ብዙዎች መድኃኒት የሚያቆሙት ጎድቷቸው ሳይሆን ጠበል ሊገቡ ወይም ሊጾሙ ብለው ነው። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ፌኖባርቢታል በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኙ የሚወሰድ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾምም ሆነ ለረመዳን ጿሚ አያስቸግርም። ካርባማዘፒንና ቫልፕሮኤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ ይወሰዳሉ፤ የጠዋቱን መዝለል ግማሹን ሕክምና እንደ ማቆም ነው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ወይም በዝግታ ወደ ደም በሚገባው ዓይነት መቀየር ይቻላል። የነፍስ አባትዎን ወይም ኢማሙንም ይጠይቁ፤ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲወስድ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ሌሊቱን ቆሞ ማደር ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ጫትና አረቄም ከዚሁ ይመደባሉ።

ሁሉንም ጉዳት በአንድ ዓይን ማየት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣ ድብታ ሰውነት ሲለምደው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ መታገሥ ያዋጣል። ፌኖባርቢታል በሚወስዱ ሕፃናት ላይ ግን ተቃራኒው ሊታይ ይችላል፦ ልጁ ይቅበጠበጣል፣ ይጣላል፣ ትምህርቱን አይከታተልም። ወላጅ ይህን ብልግና አድርጎ ከመቅጣት ይልቅ ለሐኪሙ ይናገር።

ካርባማዘፒን ከተዋጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዙሪያው ከዞረ፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ጫፍ የደረሰበት ሰዓት ነው ማለት ነው። የቀኑን መጠን ሳይቀንሱ በሦስት ከፍሎ መውሰድ፣ ከምግብ ጋር ማድረግ ወይም በዝግታ በሚለቀቀው ዓይነት መተካት ይረዳል። በዝግታ የሚለቀቀውን ማኘክም መፍጨትም አይቻልም፤ ከተፈጨ ሙሉው መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ፌኒቶይን ነው። ጉበት ይህን መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ትንሽ ጭማሪ እንኳ የደሙን መጠን እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። በ300 ሚሊ ግራም ደህና የነበረ ሰው 400 ሲሆን እንደ ሰካራም ሊንገዳገድ፣ ዓይኑ ሊርገበገብ ይችላል። «ጣለኝና አንድ ክኒን ጨመርኩ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ፌኒቶይን ድድንም ያሳብጣል፤ በቀን ሁለቴ ጥርስን በደንብ መፋቅና የጥርስ ሐኪም ማየት እብጠቱን ያቀልለዋል።

ቫልፕሮኤት ክብደት ይጨምራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ፀጉር ያሳሳል፤ የሳሳው ፀጉር መጠኑ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በሌቬቲራሴታም የሚመጣውን ቁጣና የመንፈስ መጨነቅ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ማለፍ አይገባም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

እስካሁን ካልነው ተለይቶ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል ወይም ላሞትሪጅን ከጀመሩ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ቢወጣ፣ አፍ ቢቆስል፣ ዓይን ቢቀላ ወይም ቆዳ ቢላላጥ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይወስዱ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ። ቫልፕሮኤት የሚወስድ ሰው ደጋግሞ ካስታወከ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከፈዘዘም እንዲሁ በዚያው ቀን ይታይ።

ሌላ መድኃኒት መውሰድን አለመናገር

ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ፤ በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌና የመዳብ ሉፕ ይሻላሉ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪርንም መጠኑን ያወርዱታል። የቲቢው አይሶኒያዚድ ደግሞ በተቃራኒው ፌኒቶይንንና ካርባማዘፒንን በደም ውስጥ ያከማቻል። ለሕመም የሚሸጠው ትራማዶል ራሱ ሊጥል ይችላል። ፋርማሲ በገቡ ቁጥር የሚወስዱትን ክኒን ስም ይናገሩ።

ማርገዟን ስታውቅ በድንጋጤ የምታቆም ሴት ራሷንም ፅንሱንም ለአደጋ ትሰጣለች። ምክክሩ መሆን ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት ወደ 10 የሚሆኑት ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ የሌሎቹም የአእምሮ እድገት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ መውለድ የምትፈልግ ሴት ሐኪሟ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት ሊያዛውራትና ፎሊክ አሲድ ሊያስጀምራት ይገባል።

«ሁለት ዓመት አልጣለኝም» ብሎ በራስ መወሰን

መቀነስን ማሰብ የሚጀመረው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥል ሲቆይ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ማለፉ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ጥናት ቢያንስ ሁለት ዓመት ያልጣላቸውን 1,013 ሰዎች ተከታትሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 78 በመቶው፣ ቀስ በቀስ እንዲያቆሙ ከተደረጉት ደግሞ 59 በመቶው ሳይጥላቸው ቆይተዋል።

የአንጎል ጠባሳ ያለበት፣ ከአንድ በላይ መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ወይም የአንጎል ሞገድ ምርመራው ያልተስተካከለ ሰው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። በጉርምስና ጀምሮ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ እጅን የሚነጥቅ፣ ሲኒ ከእጅ የሚያስጥል ዓይነትም አለ። ይህ በመድኃኒት ጸጥ ይላል እንጂ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ያንን ንጥቂያ እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው ሳይነግሩ መቅረት ውሳኔውን ያበላሻል።

መቀነሱን ማፋጠን

በየ4 ሳምንቱ የሚቀነሰው የተለመደ መጠን ለካርባማዘፒን 100፣ ለቫልፕሮኤት 200፣ ለፌኒቶይን 50 ሚሊ ግራም ነው። ፌኖባርቢታል ከዚህም በዝግታ ይሄዳል። ማታ 90 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 30 ሦስት ክኒን የሚወስድን ሰው እንውሰድ፦ ሐኪሙ በየ4 ሳምንቱ ግማሽ ክኒን ቢያስቀንሰው ሁለት ተኩል፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል፣ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ እያለ በ20 ሳምንት ይጨርሳል። ለዚህ 210 ክኒን ያስፈልገዋል። ከመጀመርዎ በፊት የጠቅላላውን ቁጥር አስልተው የት እንደሚያገኙ ያረጋግጡ፤ በመሀል መድኃኒቱ ከገበያ ከጠፋ መቀነሱ ወደ ድንገተኛ ማቆም ይለወጣል። ማሸጊያውንም ያንብቡ፤ ባለ 100 ሚሊ ግራም ክኒንም ስላለ፣ በስህተት እሱ ከተሰጠዎት ሦስቱ 300 ይሆናሉ።

ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንዱን ቀንሶ ጨርሶ ነው ሌላውን መቀነስ የሚጀምረው። በሁለቱም ላይ እኩል ከቀነሱ፣ ሲመለስ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም። የሚቀንሱበትም ወቅት ፈተና፣ ሠርግ ወይም ረጅም ጉዞ የሌለበት ይሁን። በመሀል ቢጥል ከመጨረሻው ቅነሳ በፊት ወደነበረው መጠን ወዲያው ተመልሰው ሐኪም ያግኙ።

በቅነሳው ወራትና ካቆሙ በኋላ ባሉት ቢያንስ 6 ወራት ብቻዎን ምድጃ ላይ አይሥሩ፣ ወንዝ አይውረዱ፣ ጣሪያ ላይ አይውጡ፣ መኪና አይንዱ። ብሪታንያ ላሉ አንባቢዎች በቅነሳው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለ6 ወር አለመንዳት የመንጃ ፈቃድ ባለሥልጣኑም ምክር ነው። በሽታው ቢጥልዎት ቤተሰብ ክብሪት ጭሮ እንዳያሸትትዎ፣ አፍዎ ውስጥም ማንኪያ እንዳይከት አስቀድመው ይንገሩት፤ በጎን ያስተኛዎት፣ ከእሳትና ከስለት ያርቅዎት፣ ሰዓቱን ይያዝ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከደገመ ወደ ሆስፒታል ይውሰድዎት።