የተበጠሰ የመኪና ሽቦን አስተማማኝ አድርጎ መቀጠል

የመኪና ሽቦ በግድግዳ ውስጥ እንደተቀበረ የቤት ሽቦ ጸጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውኃና ዘይትም ይደርሰዋል። ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ለጊዜው መብራቱን ቢያበራም፣ የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ሲለቅ እርጥበት ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በእንዲህ ያለ መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠር 0.1 ኦም ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግድ ተቃውሞ) ከቁጥር የማይገባ ይመስላል፤ ነገር ግን 10 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ያባክናል፣ በዚያች ጠባብ ቦታም 10 ዋት ሙቀት ይፈጥራል።

ሥራው የሚጀመረው ቁልፉን አጥፍቶ የባትሪውን ነጋቲቭ ገመድ በመንቀል ነው። የተጎዳው ሽቦ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል፤ የጠቆረ መዳብ ስታኞ (ቀልጦ ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) አይዝም፣ ቢጨመቅም ጥሩ ግንኙነት አይሰጥም። በመቆረጡ ካጠረ፣ ውፍረቱ ከነባሩ ያላነሰ ቁራጭ ይጨመርለት እንጂ ተስቦ አይገጠም። ሽፋኑ በሽቦ መላጫ ፒንሳ ቢላጥ ይመረጣል፤ ምላጭ ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች ይቆርጣል፣ ክር በጎደለ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ይሳሳል።

ለአብዛኛው የመኪና ሥራ እኔ የምመርጠው ውስጡ ሙጫ ያለውንና ሽፋኑ በሙቀት የሚኮማተረውን የሚጨመቅ ማገናኛ ነው። መጠኑ በቀለም ይለያል፦ ቀይ ከ0.5 እስከ 1.5፣ ሰማያዊ ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽቦ ያገለግላል። ሁለቱ ጫፎች እስከ መሀል ገብተው ለማገናኛው በተሠራው መጭመቂያ ይጨመቃሉ፤ ተራ ፒንሳ ማገናኛውን ጠፍጣፋ ከማድረግ በቀር ክሮቹን አጥብቆ አይዝም። ከዚያ እያንዳንዱ ጫፍ ጠንከር ተደርጎ ይሳባል፤ የሚለቅ ከሆነ አሁኑኑ ይልቀቅ። በመጨረሻም ሙጫው በሁለቱም አፍ እስኪወጣ ድረስ በሙቅ አየር ይሞቃል።

በስታኞ የሚሠራ ሰው በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ አስቀድሞ በሽቦው ላይ አስገብቶ ከሙቀቱ ያርቀው። ይህን ረስቶ ያለቀ መጋጠሚያ እንደገና ያልፈታ ሰው ብዙ አይገኝም። ጫፎቹ በመጀመሪያ እርስ በርስ ተጠምዝዘው ያለ ስታኞ የሚቆዩ መሆን አለባቸው፤ ስታኞው ራሱ የሚቀልጠውም በማሞቂያው ጫፍ ሳይሆን በጋለው ሽቦ ላይ ነው። አሲድ ያለበት የቧንቧ ስታኞ መዳቡን ስለሚበላ ለዚህ ሥራ አይውልም። ስታኞ በክሮቹ መካከል ወደ ሽፋኑ ሥር ሲሳብ ሽቦውን እንዳይተጣጠፍ አድርጎ ያደርቀዋል፤ በንዝረት የሚሰበረውም ብዙውን ጊዜ ደረቁ ክፍል በሚያበቃበት ነጥብ ላይ ነው። ስለሆነም መጋጠሚያው ከግራና ከቀኝ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር መታሰር አለበት።

ብዙ ሽቦ በአንድ ላይ ሲቀጠል መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን አይደረደሩም፤ እየተፈራረቁ ቢቀመጡ ጥቅሉ አያብጥም፣ እርስ በርስ የመነካካት ዕድላቸውም ይቀንሳል። የኤርባግ ሽቦ ግን ከአምራቹ መመሪያ ውጭ አይነካም።

ባትሪው ከተመለሰ በኋላ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሽቦው መቀጠሉን ለማሳወቅ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ መርካት ስሕተት ነው፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ያንኑ ድምፅ ያሰማልና። ሽቦው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው መብራት ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር እየሠራ፣ መልቲሜትሩ በዲሲ ቮልት ላይ ሆኖ፣ ሁለቱ የመለኪያ ጫፎቹ ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ ባሉት ቅርብ ሶኬቶች ብረት ላይ ይደረጋሉ። ሽቦው አጭር ሆኖ ሳለ ንባቡ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ መጋጠሚያው ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።