ከጎረቤት ጋር ሆኖ ጤፍና ሽንኩርት ከገበሬ ማህበር እንዴት ማስመጣት ይቻላል

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምንኖር ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ መቶ ምናምን ቤት ሆነን ሁላችንም ለየብቻችን ሁለት ኪሎ ሶስት ኪሎ ነው ምንገዛው፣ ከገበሬው እጅ ወጥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ደግሞ ሰብሳቢ ነጋዴ አለ፣ ደላላ አለ፣ ጅምላ አለ፣ ቸርቻሪ አለ፣ ሁሉም የየራሱን እየጨመረ መጨረሻ ላይ ከፋዩ እኛ ነን። የእሁድ ገበያና የሸማቾች ሱቅ እውነት ለመናገር ጠቅመውናል፣ ግን ሰልፍ አለው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ስራ የሚውል ሰውም አይደርስበትም። ተደራጅቶ ማስመጣት ይቻላል። እንዲህ አይነቱን ነገር ሚያፈርሰው ሂሳብና ሚዛን ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አርጌ ነው ምፅፈው።

1. መጀመሪያ ሰው

15 ወይም 20 ቤት ለመነሻ በቂ ነው። የግቢው እድር ካለ ከሱ ጀምሩ፣ ሰው ይተዋወቃል፣ መዋጮ መሰብሰብም የተለመደ ነው፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅም ይታወቃል። ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና ሶስት ስራ ለሶስት ሰው ስጡ፦ ብር ያዥ፣ ሄዶ የሚገዛ፣ ሚዛን ላይ የሚቆም። የሚገዛው ሰው ብር አይያዝ፣ ወንድማማች እንኳን ብትሆኑ አይያዝ። ብሩ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት አካውንት ውስጥ ይግባ፣ ከዛ ማን ስንት እንዳስገባ ማታ ማታ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፣ ስክሪንሾት የላከ ሰው ስሙ ሊስቱ ላይ ከሌለ በዛው ቀን ይጠይቅ።

2. አንድ እቃ ብቻ

ዘይትም ስኳርም ሽንኩርትም እንቁላልም ባንዴ እናምጣ ሚሉ ይኖራሉ፣ እምቢ በሉ። በጤፍ ጀምሩ፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ቢዘገይም ችግር የለውም። ጥሩው ጊዜ ደግሞ አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ገበያ ሚገባበት ከታህሳስ እስከ ጥር ያለው ነው። ትዕዛዙን በኪሎ ተቀበሉ፣ ነጭ ወይስ ሰርገኛ የሚለውንም አብራችሁ ፃፉ፣ በኋላ እኔ ማኛ ነበር ያልኩት የሚል ክርክር እንዳይመጣ።

3. ከማን?

በብዙ የገጠር ቀበሌ የገበሬዎች መሰረታዊ ህብረት ስራ ማህበር አለ፣ እነሱ ተሰብስበው ደግሞ ዩኒየን ይሆናሉ። ለጤፍ አድአ፣ በቾ፣ ምንጃር አካባቢ ያሉትን ጠይቁ፣ ሞጆ ላይ ሉሜ አዳማ የሚባለው ዩኒየን አለ፣ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ደግሞ መቂ ባቱ ዩኒየን። ደውላችሁ ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው ጆንያውንና ማስጫኛውን ይጨምር እንደሆነ፣ ደረሰኝ ይቆርጡ እንደሆነ ጠይቁ። ሙሉ ክፍያ ከሚዛን በኋላ ይሁን።

ገዢው ቦታው ሲደርስ ከላይ ያለውን ብቻ እያየ እንዳይረካ። ከመሀልም ከስርም ጆንያ ይፈታ፣ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ይክተት፣ ከስር ያለው ከላይኛው ጋ አንድ አይነት መሆኑን ይይ። ትንሽ ዘግኖ መዳፉ ላይ እፍ ይበል፣ ገለባውና አቧራው ይታወቃል። ጥቂት ፍሬ በጥርሱ ይንከስ፣ ቀጭ ካለ አሸዋ አለው። እርጥብ ከሆነ ደግሞ በኪሎ ውሃ እየገዛችሁ ነው፣ ቤት ሲገባም ይሻግታል፣ ስለዚህ ይለፈው።

4. መኪናና ጫኝ አውራጅ

አንድ አይሱዙ 40፣ 50 ኩንታል ይጭናል። እናንተ 15 ኩንታል ብቻ ካዘዛችሁ ኪራዩ ትርፉን ሁሉ ይበላዋል፣ ስለዚህ ጎረቤት ሳይት ካለ ሌላ ግሩፕ ጋ ተጋሩ። ብዙ ሰው ሚረሳው ጫኝ አውራጆቹን ነው፣ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ መደራደር አይቻልም፣ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ በኩንታል ስንት እንደሆነ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ እነሱም በዚሁ ነው ሚያድሩት፣ ደህና ዋጋ ስጧቸው።

5. ማከፋፈልና ሂሳብ

ሽንኩርት ስትጀምሩ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። እንበል 500 ኪሎ ገዛችሁ፣ የእቃው ዋጋ፣ መኪናው፣ አውራጁ ሁሉ ተደምሮ 29,100 ብር ወጣ። ለ500 ስታካፍሉት ኪሎው 58.20 ይሆናል። ግን ሽንኩርት መንገድ ላይ ይደርቃል፣ የበሰበሰም ይለቀማል፣ ኮሚዩናሉ (የግቢው የጋራ ቤት) ውስጥ ስትመዝኑት 485 ኪሎ ሆነ። በ58.20 ካከፋፈላችሁ 873 ብር ትጎድላላችሁ፣ ያ ጉድለት ደግሞ ብር ያዡ ላይ ነው ሚወድቀው፣ በሚቀጥለው ወር ማንም ብር ያዥ መሆን አይፈልግም። ስለዚህ ወጪውን በደረሰው ኪሎ አካፍሉ፣ ማለትም ኪሎው 60 ብር። ይሄን ከመጀመሪያው ለሁሉም ንገሩ፣ ቅድሚያ ስትሰበስቡም ትንሽ ከፍ አርጋችሁ ሰብስቡና የተረፈውን በቴሌብር መልሱ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉት።

ሚዛኑን እያንዳንዱ ሰው እያየ ይመዘንለት። ወር በገባ የተወሰነ ቀን ይኑራችሁ፣ ባለቤቱ እስከ ማታ ካልመጣ ለጎረቤቱ ይሰጥለት። በክረምት ሽንኩርት ብዙ አታምጡ፣ ለሁለት ሳምንት ሚበቃ ብቻ።

6. ብር ባንዴ ሚከብደው ሰው

ይሄ ለኔ ዋናው ነው። ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ባንዴ መክፈል ሚችል ሰው ግሩፕ ባይኖርም አይቸገርም፣ ጡረተኛው፣ ተከራይዋ፣ ብቻዋን ልጅ ምታሳድገው እናት ናቸው በችርቻሮ ዋጋ ሚጎዱት። ስለዚህ ዝቅተኛው ትዕዛዝ 5 ኪሎ ይሁን፣ ዋጋውም ኩንታል ካዘዘው ሰው ጋ እኩል። ከዛ ደግሞ የጤፍ እቁብ ጀምሩ፦ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ አቅም በፈቀደ ያስገባሉ፣ ታህሳስ ላይ ያጠራቀሙት ብር በጤፍ ይወጣላቸዋል። እትዬ እገሌ ብር የላቸውም እየተባለ ግሩፕ ላይ እንዳይነሳ፣ ስንት እንዳስገቡ ብር ያዡና አካውንቱ ላይ አብሮት ሚፈርመው ሰው ብቻ ይወቁ፣ የነሱ ደረሰኝ በእጃቸው ይሰጥ።

ጤፉና ሽንኩርቱ ለጥቂት ወራት ያለ ጭቅጭቅ ከሄደ ሌላውን መጨመር ይቻላል፣ ከአብይ ፆም በፊት ምስርና የሽሮ አተር፣ ግቢው ውስጥ ዶሮ ሚያረባ ካለ እንቁላሉን ከሱ። ትርፍ ይዛችሁ ለውጪ ሰው መሸጥ ካማራችሁ ግን እሱ ንግድ ስለሆነ መጀመሪያ ወረዳ ህብረት ስራ ፅ/ቤት ሄዳችሁ በሸማቾች ማህበርነት መመዝገብ ምን እንደሚጠይቅ ጠይቁ፣ የአባላቱን ሊስትና እስካሁን የያዛችሁትን የሂሳብ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።