ሹሩባ ሲሠሩ የራስ ቆዳን መጠበቅ

ሹሩባ ከመሠራትዎ በፊት ጸጉርዎን ታጥበው እስከ ሥሩ ያድርቁት። እርጥብ ጸጉር ሲጎተት ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ሹሩባው የባሰ ይወጥራል። ሪላክሰር (ጸጉርን የሚያለሰልስ ኬሚካል) ከተቀቡም ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆዩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የግንባርና የጆሮ ግንድ አካባቢ ጸጉር ነው፤ ስስ ነውና። ተሠርተው ሲጨርሱ ቅንድብዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ቆዳው ከተወጠረ፣ ወይም በጸጉሩ ሥር ጥቃቅን ነጫጭ ሽፍታ ከወጣ፣ «ሲቆይ ይላላል» ብለው አይተዉት፤ ዛሬውኑ ያስፈቱት። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ የጸጉሩ ሥር ጠባሳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምንም ዓይነት ቅባት አይመልሰውም።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ይፍቱት። እስከዚያው በየ10 ቀኑ 1 እጅ ሻምፑ በ4 እጅ ውሃ በጥብጠው በመስመሮቹ መካከል በጣት ጫፍ ይሹ፤ በጥፍር አይፎክቱ። በደንብ ይለቅለቁ፤ የቀረ ሻምፑ ያሳክካል።

ለጋ ቅቤ ለደረቀ ጸጉር ጥሩ ነው፤ ፎረፎር ላለበት ቆዳ ግን አይሆንም፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይመገባል። ይልቅ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ያለው ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ ተቀብተው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡ፤ እስከ 4 ሳምንት ይቀጥሉ።

የልጅ ጸጉር በክብ በክብ እየተነቀለ ቆዳው ከተቀረፈ ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን እስከ ጸጉሩ ሥር አይዘልቅም፤ የሚዋጥ ያስፈልጋል። ማበጠሪያውንም ለብቻው ያድርጉለት።