ጡትሽ ሲያብጥና ሲያተኩስሽ

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ አራስ ጡቷ ቀልቶና ጠጥሮ ሲያንቀጠቅጣት መጀመሪያ የሚባለው «ብርድ መቷት ነው» ነው። በእኛ ቁር ማን ይፈርዳል! ግን ብዙ ጊዜ የጡት ብግነት ነው፤ ወተት ሲጠራቀም ወይም በተሰነጠቀ የጡት ጫፍ ጀርም ሲገባ ይመጣል።

ማጥባትሽን አታቁሚ። ወተቱ ልጁን አይጎዳውም፤ ድንገት ካቆምሽ ግን ይብስብሻል። ልጁ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ዙሪያም እንዲጎርስ አድርጊ፣ እምቢ ካለ ቀስ ብለሽ በእጅሽ እለቢው። በቅቤ አጥብቆ ማሸቱ ይቅርብሽ (እናቶቻችን ባይወዱትም)፣ እብጠቱን ያባብሰዋል። ካጠባሽ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ያዢበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሆናል።

በ24 ሰዓት ካልተሻለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ትኩሳቱ ከበረታ ደግሞ ጭራሽ አትጠብቂ። እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከታዘዘልሽ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ስለተሻለሽ አታቋርጪው፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒንም አትዋጪ። እብጠቱ አልሟሽሽ ብሎ ሲነኩት ውስጡ ፈሳሽ ያለው ከመሰለ መግል ቋጥሮ ይሆናል። እሱን ባለሙያ ያወጣዋል፣ ቤት ውስጥ በምላጭ አይሞከርም።