መብራት ሲመጣ ኮምፒውተር እንዳይሄድ

ሐምሌ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። ገና ከሩቅ ብልጭ ሲል ዴስክቶፔን በወጉ አጠፋሁ፣ ሶኬቱንም ነቀልኩ። ተመስገን ብዬ ቡናዬን ልጠጣ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ሆነ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ።

የጥገና ባለሙያው ክዳኑን ፈታና በካቻቢቴው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ቦታ ጠቆመኝ። የኔትወርክ ገመዱ ከሚሰካበት ኋላ ጥፍር የምታክል ጥቁር ጠባሳ አለች። «ይሄ በመብራት አልገባም፣ በኢንተርኔት ነው የገባው» አለኝ። ሞደሙን ከስልክ መስመሩ፣ ኮምፒውተሩን ከሞደሙ አልነቀልኩም ነበር። የእኔ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹን ደግሞ በየዘመድ ቤቱ ሳይ ኖሬያለሁ።

ስህተት 1፦ አንዱን ገመድ ነቅሎ ሌላውን መርሳት

መብረቅ የመዳብ ሽቦ ካገኘ የመብራት ይሁን የስልክ አይመርጥም። የስልክ መስመር፣ ከጣሪያ የሚወርደው የዲሽ ገመድ፣ ከፕሪንተር የሚመጣው ገመድ ሁሉም መንገድ ናቸው። ፋይበር የገባላችሁ ትንሽ እፎይ በሉ። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የፋይበሩ መቀበያ ሳጥን ግን ግድግዳው ላይ በመብራት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ እሱም ይነቀላል።

ስህተት 2፦ «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ መተማመን

ማጥፊያው ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከደመና እስከ መሬት ኪሎ ሜትሮችን ዘሎ የመጣ መብረቅ እዚያ ጋ አይቆምም። ዴስክቶፕ ደግሞ ጠፍቶም ቢሆን እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ አይጠፋም። መፍትሔው መንቀል ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ሥራውን ይቀጥላል።

ግን መቼ? ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር አይርቅም ማለት ነው። ስለዚህ ገና ደመናው ሲከብድ ንቀሉ። አናታችሁ ላይ ሲያንባርቅ ወደ ሶኬት መሮጥ ራስን ማስመታት ነው። ያኔ ተዉት፣ ይቃጠል።

ስህተት 3፦ ስታብላይዘርን የመብረቅ ጋሻ ማድረግ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። ስታብላይዘር ጥሩ ዕቃ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ አምፖሉ ሲደክም፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ቮልቴጁን ወደ 220 ይመልስላችኋል። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ግን ሪሌ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ለመንቀሳቀስ ሚሊ ሰከንዶች ይፈልጋል። የመብረቅ ግፊት በማይክሮ ሰከንድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሪሌው እስኪነቃ ሌባው ወጥቷል።

ስህተት 4፦ መብራት መጣ ሲባል ሮጦ መክፈት

እውነቱን ለመናገር ኮምፒውተር የሚጨርሰው መብረቅ ብቻ አይደለም፤ የመብራቱ አመጣጥም ነው። መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና የውሃ ፓምፕ ባንዴ ይነሳል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይዘላል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ከዚህ የባሰው ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ሲበጠስ ነው። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ባሉት መስመር፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። የጋራው ኒውትራል ከተቆረጠ 220 ይገባው የነበረ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የእናንተ አምፖል ከመጠን በላይ ሲፈካ የጎረቤት ይደበዝዛል፣ ወይም ተቃራኒው ይሆናል። እንዲህ ካያችሁ አታመንቱ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም አብረው ናቸው የሚሄዱት።

ስህተት 5፦ ቀይ መብራት ያለው ዲቫይደር ሁሉ ይከላከላል ማለት

አይከላከልም። አብዛኛው ዲቫይደር ሶኬት ማብዣ ብቻ ነው። እውነተኛው የሰርጅ (የድንገተኛ ኤሌክትሪክ ግፊት) መከላከያ ካርቶኑ ላይ በጁል፣ በኃይል መለኪያ፣ የተጻፈ ቁጥር አለው። ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ግፊት በመጣ ቁጥር እየተጎዳ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይሞታል። ዲቫይደሩ ግን ያኔም ኮምፒውተሩን ያስነሳል፣ ስለዚህ አታውቁም። መከላከያው መሥራቱን የሚያሳይ የራሱ መብራት ያለውን ግዙ።

ኧርዝ፣ ማለትም ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ከሌለ ደግሞ መከላከያው ግማሽ ሥራውን እንኳ ላይሠራ ይችላል። የኧርዟን፣ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር በፒንሳ ቆርጦ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ። የኮምፒውተሩን ብረት በጀርባ እጃችሁ ስትነኩ ነዘር ነዘር ካደረጋችሁ ኧርዙ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ስህተት 6፦ ዩፒኤስ ገዝቶ መርሳት

ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው። በወር አንዴ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀሉና እዩት። ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋባችሁ ባትሪው አልቋል። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፣ አይችለውም።

ስህተት 7፦ ባክአፑን ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተሰካ መተው

አንዱ ሲመታ ሌላውም ይመታል። እኔ ማዘርቦርዱን በማግስቱ ገዛሁ፣ ኪሴም ተራቆተ። የልጆቹ ፎቶ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ በተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር።