ዱባ ወጥ ገንፎ ሳይሆን እንዴት ይሠራል?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲያልቅ ጉሊቱ በዱባ ይሞላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ የጽጌ ጾም አለ። የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ቤት ብዙ ነው። ሽሮና ምስር ሲሰለች ዱባ ወጥ ጥሩ መላ ነበር። ግን ብዙ ሰው ፊቱን ያዞርበታል። አልፈርድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ወይ ውኃ ውኃ የሚል፣ ወይ የሟሸሸ፣ ወይ እንደ ማርማላታ የጣፈጠ ነው። ጥፋቱ የዱባው አይደለም። ሽንኩርትና ውኃ ሲበዛበት ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የሚያስፈልገው ይኸው፦ የተላጠ 1 ኪሎ ዱባ፣ መካከለኛ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ የሾርባ ማንኪያ 2 በርበሬ፣ ሩብ ሊትር የማይሞላ ሙቅ ውኃ፣ የቡና ሲኒ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጨው፣ ትንሽ መከለሻ፣ 2 ቃሪያ።

1. ዱባውን መምረጥ

ጉሊት ላይ ተቆርጦ የሚሸጠውን እመርጣለሁ፤ ውስጡ ይታያላ። ሥጋው ወፍራም፣ ደማቅ ብርቱካናማና ደረቅ ያለ ይሁን። የገረጣና ውኃ ያዘለ ከሆነ እለፉት። ሙሉውን የምትገዙ ከሆነ ለመጠኑ ከበድ የሚለውን፣ ጭራው የደረቀውንና ልጣጩ በጥፍር የማይበሳውን ውሰዱ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በኦክቶበር ሱቅ በር ላይ የሚከመረው ትልቁ የሃሎዊን ዱባ አያታልላችሁ። ለመቅረጽ እንጂ ለወጥ አይሆንም፤ ክር ክር ይላል፣ ውኃውም ብዙ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንዲሉ፣ አንገተ ረጅሙ በተርነት ወይም አረንጓዴ ልጣጭ ያለው ካቦቻ ለወጥ በጣም ይሻላል። ካቦቻ በተለይ ደረቅ ስለሆነ የአገር ቤቱን ያስንቃል። እስራኤል ያላችሁማ አትቸገሩም፤ እዚያም እንደ ጉሊቱ ተቆራርጦ ይሸጣል።

2. መላጥና መቁረጥ

ሙሉ ዱባ ቢላ ያንሸራትታል። መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት፣ ከዚያ የተቆረጠውን ፊቱን ጣውላው ላይ ደፍታችሁ ላጡ። ልጣጩ እምቢ ካለ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማሞቅ ያለሰልሰዋል። ፍሬውን አትጣሉ። ሥጋውን በግምት 4 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ እኩል እኩል ቁረጡት። ትንንሽ ከሆነ ይፈርሳል፤ ትልቅና ትንሽ ከተቀላቀለ ደግሞ ትንሹ ሟሙቶ ትልቁ ጥሬ ይሆናል።

3. ቁሌቱ

ለዶሮ ወጥ እንደምታደርጉት ሽንኩርት አታብዙ። ሽንኩርት ሲቁላላ ይጣፍጣል፣ ዱባ በራሱ ጣፋጭ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ወጥ መሆኑ ይቀራል። ሦስት ራስ ይበቃል። በቢላ ክተፉት። ብሌንደር ሽንኩርቱን ጭማቂ ያደርገዋል፣ ያን ውኃ ለማድረቅ ደግሞ ጋዝ ይፈጃል።

ውኃው እስኪመጥ ያለ ዘይት አቁላሉት፣ ከዚያ ዘይቱን ጨምሩ። ለጤና ብላችሁ ዘይቱን ጨርሳችሁ አትተዉ። ዱባን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ነው፣ ሰውነታችንም ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። ቅባት ሲያገኝ ደግሞ በደንብ ይመጠጣል። በርበሬውን ስትጨምሩ ወዲያው ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጉበት፣ እንዳያር። እሳቱን ቀንሳችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም እዚሁ ይገባል። ከለመዳችሁት ትንሽ ኮምጠጥ እንዲል የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምሩ፤ ጣፋጭነቱን ይሰብረዋል።

4. ዱባውን መጨመር

ወጡ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ዱባውን ቁሌቱ ላይ ጨምሩና አንዴ ብቻ በደንብ አገላብጡት፣ ሁሉም በርበሬ ይልበስ። ጨው አድርጉ። ከዚያ ውኃ። የብዙ ሰው እጅ ዱባው እስኪሸፈን ድረስ ያንቆረቁራል፣ ድንች የሚቀቅል ይመስል። ዱባ ግን ራሱ ውኃ ያወጣል። ሙቅ ውኃው የዱባውን ግማሽ እንኳ መድረስ የለበትም። መጀመሪያ ያነሰ ቢመስላችሁም ክዳኑን ግጠሙና ትንሽ ጠብቁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መረቁ ከፍ ሲል ታያላችሁ።

ከዚህ በኋላ ማማሰያውን አስቀምጡት። የምሬን ነው። በየደቂቃው የሚማሰል ዱባ ጠርዙ እየተፋቀ መረቁን ያደፈርሰዋል፣ በመጨረሻም ገንፎ ይሆናል። ከሥር እንዳይዝ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ በቃ። እሳቱም ለስለስ ይበል። ፕሬዠር ኩከር የሚባል ነገር ለዱባ አታስቡት።

እንደ ዱባው ዓይነት ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰዓቱን ሳይሆን ቢላውን እመኑ። የቢላው ጫፍ ሲገባ መሐሉ ላይ ትንሽ የሚይዘው ከሆነ ድስቱን አውርዱት። «ትንሽ ይጨመርለት» ያለ ሰው ከስሮ ይቀራል፣ ምክንያቱም ድስቱ ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ውኃው ከበዛስ? እሳቱን አትጨምሩ። ዱባውን በጭልፋ ለቅማችሁ ሳህን ላይ አውጡት፣ መረቁን ብቻውን እስኪወፍር አንተክትኩትና መልሱት። ሽሮ ነስንሰው የሚያወፍሩ አሉ፤ የሚወጣው ነገር ሽሮም ዱባም አይደለም።

5. ማውረድ

መከለሻውን ነስንሱ፣ ቃሪያውን ሰንጥቃችሁ ጣል አድርጉ፣ ክዳኑን ግጠሙና 10 ደቂቃ ይረፍ። በዚህ ወቅት የአበሻ ጎመን ለምለም ስለሆነ አጠገቡ ጎመን ቢኖር ደስ ይላል። በርበሬ ለማይበሉ ልጆች በበርበሬው ፋንታ እርድ አድርጋችሁ አልጫ ሥሩት፤ ሌላው ያው ነው።

ለነገ የተረፈውን ስታሞቁ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጉና በትንሽ እሳት፣ ሳታማስሉ። ያልተቆረጠ ዱባ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ወራት ይቆያል። የተቆረጠው ግን ፍሬው ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ይግባ፣ በጥቂት ቀንም ይበላ።

ፍሬውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፣ ጨው ነካ አድርጉና በትንሽ እሳት ምጣድ ላይ ቁሉት። ጣ ጣ ማለት ሲጀምር አውርዱ። ድሮ ለኮሶ ይበላ ነበር፤ አሁን ከቡና ጋር ይሄዳል።