ላሟ በክረምት ስትንቀጠቀጥ ምን ይደረጋል?

ቀበና ውስጥ ጠባብ ግቢ አለን። ሁለት የፈረንጅ ላሞች፣ በረቱ ከኩሽናው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሐምሌ በገባ ቁጥር ጎረቤት የሚጠይቀኝ ያው ስለሆነ ልጻፈውና ልገላገል።

ትንቀጠቀጣለች፣ ፀጉሯ ቆሟል፣ ጀርባዋ ጎብጧል

እጃችሁን ፀጉሯ ውስጥ አስገቡ። ቆዳዋ ድረስ ከራሰ ጉዱ እዚያ ነው። አሜሪካ ሜዳ ላይ የሚከርሙ ከብቶች ወፍራም የክረምት ፀጉር ያበቅላሉ፤ ፀጉሩ ደረቅ ከሆነ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪን እንኳ ይችሉታል። ሲርስ ግን ገና 15 ዲግሪ ላይ ለመሞቅ ብቻ ተጨማሪ መኖ ማቃጠል ይጀምራሉ። የኛ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ 10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንግዲህ አስሉት። በ2006 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ሳውዝ ዳኮታ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ያለቁት የክረምት ፀጉራቸው ሳይወጣ መጀመሪያ ዝናብ አርሷቸው፣ ከላዩ ነፋስና በረዶ ስለወረደባቸው ነው።

በደረቅ ጆንያ ጎንና ጀርባዋን እሹ። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ድፈኑ። ሥሯ ደረቅ ጭድ አንጥፉ፣ ሲረጥብ ቀይሩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀረች

አልታመመችም፤ ጀርባዋን ለነፋስ መስጠቷ ነው። ሜዳ ላይ ያሉትም እንደዚያው ነፋሱን ተከትለው ይሄዳሉ፣ አጥር ሲያግዳቸው ይደራረባሉ። ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን በቁመቷ ልክ ከልሉላት፣ በቃ።

ወተት ቀነሰ

የበላችው ለሙቀት ሄዶ ነው። ማታ ማታ ድርቆሽ ጨምሩ፤ ሆዷ ውስጥ ሲብላላ ራሱ ያሞቃታል። ፉርሽካና አተላ በአንዴ ማብዛት ግን ሆዷን ያሳምማል። የሻገተ ድርቆሽ አትስጡ። ውሃውንም ለብ አድርጉት፣ ካልጠጣች በደንብ አትበላም።

ታስላለች

ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ክረምት ብርድ እንዳይገባ ብዬ በረቱን ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀጠቅኩት። እናቴ «ተው ልጄ፣ ታፍናታለህ» ብላኝ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የሽንቱ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ከጣሪያው ላብ ይንጠባጠባል፣ ላሟ ታስላለች። ከጣሪያው ሥር ስንዝር የሚያህል ክፍተት ተዉ፣ እበቱንና ሽንቱን በየቀኑ ጥረጉ። የሙቀት መጠኗ ከ39.5 ካለፈ ሐኪም ጥሩ፤ ጤነኛ ላም 38.5 አካባቢ ናት።

አዲስ የተወለደ ጥጃ አልጠባ አለ

ጣታችሁን አፉ ውስጥ ክተቱ። ከቀዘቀዘ መጥባት አይችልም። መጀመሪያ አድርቁት፣ አሙቁት፣ ከዚያ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ አጥቡት። ባለፈው ነሐሴ የተወለደችብንን ኩሽና አስገብተን ምድጃው አጠገብ አሳደርናት። ጠዋት የእናቴን ነጠላ ስታኝክ አገኘናት።